አራት ጥያቄ በአንድ አፎት፦ የኬልቶችና የመካከለኛው ዘመን ተአምረኛ ሰይፎች

የንጉሥ አርተር ሰይፍ፣ ኤክስካሊበር፣ ከየት መጣ? ጥያቄው ሲሰሙት አንድ ነው፤ መልሱ ላይ ግን ሊቃውንት ከመቶ ዓመት በላይ ሲከራከሩ ቆይተዋል። አንዱ ወገን ሰይፉ ክርስትና ሳይገባ በፊት ከነበረው የኬልቶች እምነት የተረፈ ነው ይላል። ሌላው የ12ኛውና የ13ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ ደራስያን ፈጠራ ነው ብሎ ይሞግታል። ሦስተኛው ምንጩን ከጥቁር ባሕር ሰሜን፣ ከሳርማቲያ ፈረሰኞች ዘንድ ይፈልጋል። አራተኛው ደግሞ ቤተ ክርስቲያንን ይጠቁማል።

ክርክሩ ያልተቋጨው ማስረጃ ስላነሰ ብቻ አይደለም፤ አራት ጥያቄዎች እንደ አንድ ስለሚጠየቁም ነው። የሰይፉ ስም ከየት ነው? ኃይሉ ምንድን ነው? በባለቤቱ እጅ የገባው እንዴት ነው? መጨረሻውስ ምን ሆነ? አራቱ ዕድሜያቸውም ማስረጃቸውም ይለያያል። ተለያይተው ሲመረመሩ እያንዳንዱ ወገን ለአንዱ ጥያቄ የሰጠው መልስ ጠንካራ ሆኖ ሳለ ወደ አራቱም ሲዘረጋ እንደሚሳሳ ይታያል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአየርላንድ ተረኮች፦ የሚናገር ስለት

ከጥንታዊ የአየርላንድ ተረኮች ሁሉ ዝነኛው «ታይን ቦ ኩዋልኜ» ነው። በአንድ ኮርማ ሰበብ በአልስተርና በኮናክት መካከል የተነሣውን ጦርነት ይተርካል። ከአልስተር ተሰዶ በኮናክት ያደረው ጀግና ፈርጉስ ማክ ሮይክ የሚታጠቀው ሰይፍ ካላድቦልግ ይባላል። ፈርጉስ ከንግሥት ሜድቭ ጋር ተኝቶ ሳለ ባሏ አሊል ሰይፉን ያሰርቅበታል፤ ፈርጉስም በባዶው አፎት የእንጨት ሰይፍ ከትቶ ለመዞር ይገደዳል። በመጨረሻው ውጊያ ሰይፉ ሲመለስለት የገዛ ንጉሡን ኮንኮቦርን ሊገድል ይነሣል። ወገኖችህን አትፍጅ ተብሎ ሲለመን ግን ቁጣውን ወደ ምድር አዙሮ የሦስት ኮረብቶችን ጫፍ ይቆርጣል። በአንደኛው ቅጂ መሠረት ሰይፉ የመጣው መናፍስት ከሚኖሩባቸው ጉብታዎች ነው፤ ሲሰነዘርም እንደ ቀስተ ደመና ይሰፋ ነበር።

ሌላው ተረክ «የሞይቱራ ውጊያ» ነው። በዚህ ላይ ኦግማ የተባለው ተዋጊ የጠላት ንጉሥ የቴትራን ሰይፍ ኦርናን ያገኛል። ከአፎቱ መዝዞ ሲያጸዳውም ሰይፉ የሠራውን ሥራ ሁሉ መተረክ ይጀምራል። ጸሐፊው እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማብራሪያ ይሰጣል፤ በዚያ ዘመን ሰዎች የጦር መሣሪያ ያመልኩ ስለነበር አጋንንት ከመሣሪያዎቹ ውስጥ ይናገሩ ነበር ይላል። ስለ አልስተሩ ጀግና ስለ ኩ ኹለን ሕመም የሚናገረው ተረክም ተመሳሳይ ነገር ያነሣል። ጀግኖች ግዳያቸውን ሲቆጥሩ ሰይፋቸውን ጭናቸው ላይ ያደርጉ ነበር፤ የዋሸ ሰው የገዛ ሰይፉ ይዞርበታል።

በእነዚህ ተረኮች ተአምሩ ከመቁረጥ ይልቅ በመመስከር ላይ ያዘነብላል። ሰይፍ የባለቤቱ ክብር ማኅደርና የእውነት ዳኛ ነው። ፈርጉስ ሰይፉን ሲያጣ ያጣው ብረት ብቻ አይደለም፤ ወንድነቱንና ማዕረጉንም ነው። ማን ለንግሥና ይገባል የሚለው፣ በኋላ በአርተር ተረክ የሚገዝፈው ጥያቄ፣ እዚህ ገና በሰይፍ አልተፈተነም።

አንድ በተደጋጋሚ የሚደባለቅ ነገር አለ። ቱአሃ ዴ ዳናን የተባለው ነገደ አማልክት ወደ አየርላንድ ይዟቸው መጣ ከሚባሉት አራት ቅርሶች አንዱ የንጉሥ ኑዋዳ ሰይፍ ነው። አንዴ ከተመዘዘ የሚያመልጠው አልነበረም። በዘመናችን ብዙ መጻሕፍት ይህን ሰይፍ «የብርሃን ሰይፍ» ከሚባለው ጋር አንድ ያደርጉታል። የብርሃን ሰይፍ ግን በዋናነት በ19ኛውና በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከአየርላንድና ከስኮትላንድ ባላገሮች አፍ በተሰበሰቡ ተረቶች የሚገኝ ሲሆን፣ ጀግናው ከግዙፍ ፍጡር ነጥቆ የሚያመጣው ዕቃ ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ የመካከለኛው ዘመን ጽሑፍ የለም። ግንኙነቱን ያጠናከረው የአየርላንድ ብሔርተኝነት ነው፤ የጌሊክ ሊግ ማኅበር በ1899 ያቋቋመው ጋዜጣ ስሙ «የብርሃን ሰይፍ» ነበር።

የብረት ዘመን መስኮት ወይስ የገዳም ብዕር?

እነዚህ ተረኮች ስለ የትኛው ዘመን ይመሰክራሉ? «ታይን» ከሚገኝባቸው ብራናዎች ቀዳሚው የተጻፈው በ1100 አካባቢ ነው፤ «የሞይቱራ ውጊያ» በእጃችን ያለው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ብራና ነው። ቋንቋቸው ከብራናዎቹ በእጅጉ ይቀድማል፤ ምን ያህል እንደሚቀድም ግን ያከራክራል። ኬነዝ ጃክሰን በ1964 ባሳተመው ጥናት የአልስተር ተረኮችን ወደ ብረት ዘመን የሚያሳዩ መስኮቶች አድርጎ አቀረባቸው። ጄምስ ካርኒ ቀደም ብሎ በ1955፣ ኪም ማኮን ደግሞ በ1990 በተቃራኒው ሞገቱ፤ ተረኮቹ መጽሐፍ ቅዱስና ላቲን ያጠኑ መነኮሳት ድርሰት ናቸው አሉ።

ሰይፍ ይህን ክርክር በቁስ ለመፈተን ዕድል ሰጥቷል። አርኪዮሎጂስቱ ጄምስ ማሎሪ በ1981 በተረኮቹ የተገለጹትን ሰይፎች በአየርላንድ መሬት ከተገኙት ጋር አነጻጸረ። የብረት ዘመን የአየርላንድ ሰይፎች አጫጭር ናቸው። በተረኮቹ ውስጥ ያሉት ግን ረጃጅም፣ አንገት በአንድ ምት የሚቀነጥሱ፣ ለቫይኪንጎች ዘመን የሚቀርቡ ናቸው። ይህ ግኝት የጃክሰንን መስኮት አጥብቦታል። ሆኖም የሚመልሰው ስለ ሰይፉ ቅርጽ እንጂ ስለ ሰይፉ እምነት አይደለም። ተራኪ የጥንቱን ጀግና የዘመኑን ትጥቅ ሊያስታጥቀው ይችላል፤ ሰይፍ ይመሰክራል የሚለው ሐሳብ ግን ከትጥቁ ሊቀድም ይችላል። በሌላ በኩል የመሣሪያ አምልኮውን የምናውቀው አጋንንት ብሎ በሚያወግዘው ክርስቲያን ጸሐፊ በኩል ብቻ ነው። ያየውን መዘገበ ወይስ አረመኔ ያላቸውን አባቶቹን እንደገመታቸው ሣላቸው? ይህ እስካሁን አልተፈታም።

ስሙ፦ ከዌልስ እስከ አቫሎን

የአርተር ሰይፍ በስሙ ተጠቅሶ የሚገኝበት ቀደምት የዌልስ ተረክ «ኩሉኽና ኦልወን» ነው። አርተር ለዘመዱ ለኩሉኽ የጠየቀውን ሁሉ ሊሰጠው ቃል ይገባል። የማይሰጣቸውን ግን ይዘረዝራል፤ መርከቡን፣ ካባውን፣ ሰይፉን ካሌድቩልኽን፣ ጦሩን፣ ጋሻውን፣ ጩቤውንና ሚስቱን ግዌንሁይቫርን። ሰይፉ በተረኩ ውስጥ ሥራ ላይ የሚውለው አንዴ ነው፤ ያውም በአየርላንድ ምድር፣ በአየርላንዳዊው ሌንሌአውግ እጅ፣ አንድ የተፈለገ ትልቅ የብረት ድስት ለመውሰድ በተደረገ ግጭት።

ካሌድቩልኽና ካላድቦልግ ዝምድና ያላቸው ስሞች መሆናቸውን የሚጠራጠር የለም። የሚያከራክረው የዝምድናው ዓይነት ነው። ዌልሶች ስሙን ከአየርላንድ ተዋሱት? ወይስ ሁለቱም ከጋራ አያት ወረሱት? በ1992 የ«ኩሉኽና ኦልወን»ን ኅትመት ያዘጋጁት ሬቸል ብሮምዊችና ሳይመን ኤቫንስ ሁለቱ ስሞች ገና በጥንት ለሰይፍ በጠቅላላው የተሰጡ መጠሪያዎች ሊሆኑ ይችላሉ ብለዋል። አየርላንዳዊው የትሮይ ታሪክ ስሙን በብዙ ቁጥር ለታላላቅ ሰይፎች ሁሉ መጠቀሙ ይህን ይደግፋል። ይህ ትክክል ከሆነ ተከታዩ ነገር ቀላል አይደለም፤ የስም መመሳሰል የታሪክ መመሳሰል ማስረጃ መሆኑ ያከትማል። አርተር የፈርጉስን ሰይፍ አልወረሰም፤ ሁለቱም ጀግኖች ለጀግና የሚመጥን ስም ያለው ሰይፍ ታጠቁ እንጂ።

የሞንማውዙ ጄፍሪ በ1136 አካባቢ በላቲን በጻፈው የብሪታንያ ነገሥታት ታሪክ ስሙን ካሊቡርኑስ አደረገው፤ ሰይፉም በአቫሎን ደሴት የተሠራ መሆኑን ጨመረ። ከዚያ ስሙ ወደ ፈረንሳይኛ ተሻግሮ ኤስካሊቦር ሆነ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ጄፍሪ ያልጻፈው ነው። ድንጋይ የለም፤ ሐይቅ የለም፤ ሰይፉን የሰጠች ሴት የለችም። አርተር ቆስሎ ወደ አቫሎን ሲወሰድ ሰይፉ ምን እንደሆነም አይነገርም። ከአራቱ ጥያቄዎች የኬልቶች ምንጭ በእርግጥ የተመሰከረለት ስሙ ብቻ ነው።

አመጣጡ፦ ድንጋይ ወይስ ሐይቅ?

በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ክሬቲየን ደ ትሯ ኤስካሊቦርን የጋዌይን ትጥቅ አድርጎ ጠቀሰው፤ ብረትን እንደ እንጨት ይቆርጣል። ሰይፉ ገና የንግሥና ምልክት አልሆነም፤ የንጉሡ እኅት ልጅ የሚታጠቀው ምርጥ መሣሪያ ነው።

ለውጡ የመጣው በ1200 አካባቢ ነው። ሮበር ደ ቦሮን ስለ ጠንቋዩ መርሊን በጻፈው ታሪክ በገና ዕለት በቤተ ክርስቲያን ደጅ አንድ ድንጋይ እንዲታይ አደረገ። በድንጋዩ ላይ መስፍ፣ በመስፉ ውስጥ የተተከለ ሰይፍ አለ። ማንነቱ ያልታወቀው ወጣት አርተር ሰይፉን ይነቅላል፤ ሊቀ ጳጳሱ በሚመራው ሥርዓትም ደጋግሞ እያስገባና እያወጣ ይፈተናል፤ በጰራቅሊጦስ ይነግሣል። ሁሉም ነገር የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ቦታው፣ ቀኑ፣ ዳኛው። ሰይፉም ስም አልተሰጠውም።

ከዚያ የተከተሉት ደራስያን በሁለት መንገድ ሄዱ። «ቩልጌት» በሚባለው ሰፊ የፈረንሳይኛ ዝርው ስብስብ ከድንጋዩ የወጣው ሰይፍ ራሱ ኤስካሊቦር ነው። ቀጥሎ በተጻፈው ስብስብ ግን ከድንጋዩ የወጣው ሌላ ነው፤ ኤስካሊቦርን የሚያገኘው ከሐይቅ ከወጣ እጅ ላይ፣ በአንዲት ምሥጢራዊት ሴት ፈቃድ ነው። ቶማስ ማሎሪ በ1470 አካባቢ ያጠናቀቀውና ዊልያም ካክስተን በ1485 ያተመው እንግሊዝኛ ድርሰት ሁለቱንም ያዘ። የድንጋዩ ሰይፍ ከንጉሥ ፔሊኖር ጋር በተደረገ ፍልሚያ ይሰበራል፤ መርሊንም አርተርን ወደ ሐይቁ ይወስደዋል። ግን ገና ወደ ሐይቁ ሳይደርስ በቀደመ ውጊያ ማሎሪ የአርተርን ሰይፍ ኤክስካሊበር ብሎ ይጠራዋል። ከሁለት ምንጭ የተቀዳ ታሪክ ስፌቱ እዚህ ላይ ይታያል። የጆን ቡርማን የ1981 ፊልም ሁለቱን ወደ አንድ በማዋሐድ ችግሩን አልፎታል፤ ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚያውቀውም ይህንኑ የተዋሐደ ሰይፍ ነው።

የሐይቁን ሰይፍ ከድንጋዩ የሚለየው መገኛው ብቻ አይደለም። የድንጋዩ ሰይፍ መብትን ያረጋግጣል፤ አንዴ ከወጣ በኋላ ዕዳ የለበትም። የሐይቁ ሰይፍ ግን ብድር ነው፤ ሰጪዋ አንድ ቀን የምትጠይቀው ነገር አላት። በማሎሪ መርሊን አርተርን ከሰይፉና ከአፎቱ የትኛውን እንደሚወድ ይጠይቀዋል። አርተር ሰይፉን ይላል፤ መርሊን ግን ከሰይፉ አሥር እጥፍ የሚበልጠው አፎቱ እንደሆነ ይነግረዋል፤ የያዘው ሰው ደም አይፈስሰውምና። አፎቱን እኅቱ ሞርጋን ሰርቃ ውኃ ውስጥ ትጥለዋለች። ተአምሩ ከመቁረጥ ወደ ማዳን መዞሩ ከቀደሙት የኬልቶች ጽሑፎች ይልቅ ለ13ኛው ክፍለ ዘመን ልብ ወለድ ይቀርባል።

መስቀል የሆነው ሰይፍ

ክርስቲያናዊ ምንጭ የሚሹ ተመራማሪዎች ጥሩ ምስክሮች አሏቸው። በ1100 አካባቢ በተደረሰው የሮላን ግጥም የንጉሥ ሻርለማኝ ጀግና የሮላን ሰይፍ ዱራንዳል በእጀታው ውስጥ የቅዱስ ጴጥሮስ ጥርስ፣ የቅዱስ ባስልዮስ ደም፣ የቅዱስ ዴኒ ጸጉርና የእመቤታችን ልብስ ቁራጭ ይዟል። ኃይሉ የአንጥረኛው ጥበብ ሳይሆን የቅዱሳን በረከት ነው። «ፐርለስቮ» በተባለው ድርሰት ጋዌይን የሚያመጣው ሰይፍ የመጥምቁ ዮሐንስ አንገት የተቆረጠበት ነው። በቅዱሱ ጽዋ ፍለጋ ድርሰት ጋላሃድ የሚታጠቀው የንጉሥ ዳዊትን ሰይፍ ነው፤ ልጁ ሰሎሞን በሚስቱ ምክር በመርከብ አስቀምጦ ለመጨረሻው ተወላጁ የላከለት።

በኢጣሊያ፣ በቶስካና ሞንቴሲየፒ በሚገኝ ጸሎት ቤት ደግሞ ድንጋይ ውስጥ የተተከለ እውነተኛ ሰይፍ አለ። በ1181 የሞተው ጋልጋኖ ጊዶቲ ወታደርነትን ትቶ ሲመንን ሰይፉን እንደ መስቀል ተክሎ እንደጸለየ ይነገራል። በ2001 የተደረገ የብረት ምርመራ በሰይፉ ዘመናዊ ቅልቅል አላገኘም። ጋልጋኖ የሞተው ሮበር ደ ቦሮን ከመጻፉ ጥቂት ቀደም ብሎ መሆኑ አንዳንዶችን የአርተር ድንጋይ ከዚህ መጣ እንዲሉ አድርጓቸዋል። ነገር ግን ሁለቱ ድርጊቶች ተቃራኒ ናቸው። ጋልጋኖ ሥልጣንን ለመተው ይተክላል፤ አርተር ሥልጣንን ለመያዝ ይነቅላል። የኢጣሊያው ታሪክ ለፈረንሳዊው ደራሲ እንዴት እንደደረሰ የሚያሳይ ጽሑፍም አልቀረበም።

ፍጻሜው፦ ውኃ የሚመሰክረውና የማይመሰክረው

አርተር ሲሞት ሰይፉ ወደ ሐይቅ ይወረወራል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሥርት ዓመታት በተጻፈው «የአርተር ሞት» ፈረሰኛው ዥርፍሌ፣ በማሎሪ ደግሞ ቤዲቪር ሁለት ጊዜ ደብቀውት በሦስተኛው ይጥሉታል፤ እጅ ከውኃው ወጥታ ትቀበለዋለች። ከአራቱ ጥያቄዎች ይህ በጣም ዘግይቶ የተጻፈው ነው። ከቁስ ማስረጃ ጋር በቅርበት የሚገጥመውም እሱ መሆኑ ነው አስገራሚው።

በስዊዘርላንድ ኖይሻቴል ሐይቅ ዳር ላ ቴን በተባለው ስፍራ ከ1857 ጀምሮ ከመቶ በላይ የብረት ዘመን ሰይፎች ወጥተዋል። በዌልስ አንግልሲ ደሴት ሊን ከሪግ ባህ በተባለች ትንሽ ሐይቅ በ1942 እና 1943 የአየር ኃይል ጣቢያ ሲሠራ ከ150 በላይ ዕቃዎች ተገኙ፤ ሰይፎች፣ ጦሮች፣ የሠረገላ ክፍሎች። አንዳንዶቹ ሆን ተብለው የተጣመሙ ናቸው። ስትራቦን በቱሉዝ ስለነበሩ ቅዱሳን ሐይቆች ሀብት ጽፏል፤ ቄሳርም ጋሎች ምርኮን ለጦርነት አምላክ እንደሚለዩ መስክሯል። ኬልቶች መሣሪያን ለውኃ ይሰጡ እንደነበር አያጠራጥርም።

ችግሩ ከእነዚህ ቁፋሮዎች እስከ «የአርተር ሞት» ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ መኖሩ ነው፤ በመካከሉም ጄፍሪ ዝም ብሏል፤ የዌልስ ጽሑፎችም ዝም ብለዋል። ለዚህ ሁለት መልሶች ቀርበዋል። የመጀመሪያው ልማዱ በቃል ትውስታ ዘለቀ የሚል ነው። ሁለተኛው ልማዱ ራሱ አልተቋረጠም ይላል። ዴቪድ ስቶከርና ፖል ኤቨርሰን በእንግሊዝ የዊዘም ወንዝ ሸለቆ ባደረጉት ጥናት መሣሪያን ለውኃ መስጠት ገዳማት በተተከሉባቸው መሻገሪያዎች አጠገብ እስከ መካከለኛው ዘመን መጨረሻ ገደማ እንደቀጠለ ሞግተዋል። ከዚሁ ወንዝ የወጣ፣ ትርጉሙ ያልተፈታ ጽሑፍ ያለበት የ13ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ሰይፍ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። የሁለቱ አጥኚዎች ሙግት ትክክል ከሆነ የ«አርተር ሞት» ደራሲ ሺህ ዓመት ወደ ኋላ ማየት አያስፈልገውም፤ በዘመኑ የሚደረገውን ማየት ይበቃዋል። ደካማው ጎን በወንዝ የተገኘ ሰይፍ ተሰጥቶ ነው ወይስ ወድቆ የሚለውን ለእያንዳንዱ ማረጋገጥ አለመቻሉ ነው። በተጨማሪ ሰይፍን ውኃ ውስጥ የመጣል ሐሳብ የኬልቶች ብቻ አይደለም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በኖርስ ቋንቋ በተጠናቀረው የሻርለማኝ ታሪክ ንጉሡ ቅዱሳን ቅርሶች ያሉበትን የዱራንዳልን እጀታ አስቀርቶ ስለቱን ውኃ ውስጥ ይጥላል።

ከምሥራቅ የመጣ ፈረሰኛ?

ስኮት ሊትልተንና ሊንዳ ማልኮር በ1994 ባሳተሙት መጽሐፍ ፍጹም የተለየ መንገድ አቀረቡ። ካሲየስ ዲዮ እንደጻፈው በ175 ንጉሠ ነገሥት ማርቆስ አውሬልዮስ ከሳርማቲያ ነገዶች 5,500 ፈረሰኞችን ወደ ብሪታንያ ላከ። ሄሮዶቱስ የሳርማቲያውያን ዘመዶች የሆኑት እስኩቴሶች በክምር እንጨት ላይ ለተተከለ የብረት ሰይፍ ይሠዉ እንደነበር፣ አሚያኑስ ደግሞ አላኖች መሬት ላይ የተተከለ ሰይፍ ያመልኩ እንደነበር ዘግበዋል። የእነዚህ ሕዝቦች ዘሮች በሆኑት በካውካሰስ ኦሴቶች ተረክ ጀግናው ባትራድዝ ሊሞት ሲል ሰይፉን ባሕር ጣሉልኝ ይላል፤ ሰዎቹም መጀመሪያ ዋሽተው በኋላ ይጥሉታል።

የባትራድዝና የአርተር ፍጻሜ መመሳሰል በእርግጥ አስደናቂ ነው። ሆኖም የኦሴቶች ተረክ የተመዘገበው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ፈረሰኞቹ ተረኩን ወደ ብሪታንያ ይዘውት ከሄዱ በጄፍሪም ሆነ በዌልስ ለምን እንደማይታይ፣ ይልቁንም በፈረንሳይኛ ከሺህ ዓመት በኋላ ለምን እንደሚበቅል መላምቱ አያስረዳም። የተተከለ ሰይፍን ማምለክና የተተከለን ሰይፍ ነቅሎ መንገሥም አንድ አይደሉም።

ተረኩ የፈለጋቸው ሰይፎች

ንጉሥ ሪቻርድ አንበሳ ልብ በ1191 ካሊቡርን የተባለ ሰይፍ ለሲሲሊው ንጉሥ ለታንክሬድ እንደሰጠ ሮጀር ኦቭ ሃውደን ዘግቧል። በዚያው ጊዜ ገደማ የግላስተንበሪ መነኮሳት የአርተርን መቃብር አገኘን ብለው ነበር። በ1207 ደግሞ በንጉሥ ጆን ንብረት መካከል የሌላው የተረክ ጀግና የትሪስትራም ሰይፍ ተመዝግቧል። በፈረንሳይ ሮካማዱር ገደል ላይ ዱራንዳል ተብሎ ለዘመናት ሲጎበኝ የነበረ ሰይፍ በ2024 ተሰርቋል። እነዚህ ቁሶች የአርተር ወይም የሮላን ሰይፍ መኖሩን አያረጋግጡም፤ ነገሥታትና ከተሞች እንዲኖር ምን ያህል ይፈልጉ እንደነበር ግን ያረጋግጣሉ። ጥያቄው ከምንጭ ወደ ጥቅም ሲዞር ማስረጃው ድንገት ጥርት ይላል፤ ስም፣ ዓመትና ባለቤት ያለው መዝገብ ነውና። አዳዲስ ጥናቶች ወደዚህ ማዘንበላቸው የሚያስገርም አይደለም።

ክርክሩ የቆመበት

አራቱን ጥያቄዎች ለየብቻ ብንመልስ ሥዕሉ እንዲህ ነው። ስሙ የኬልቶች ነው፤ ይህ ተረጋግጧል። ኃይሉ አንድ ወጥ አይደለም፤ በአየርላንድ ምስክርነት፣ በሮላን የቅዱሳን በረከት፣ በማሎሪ ከሞት መጠበቅ ነው፤ አንዱ ከሌላው ተወለደ ለማለት ሰንሰለቱ አይገኝም። የድንጋዩ አመጣጥ በ1200 አካባቢ የተፈጠረ፣ የቤተ ክርስቲያን መልክ ያለው የፈረንሳይኛ ድርሰት ነው፤ ከዚያ የሚቀድም የአርተር ጽሑፍ አልተገኘለትም። ፍጻሜው ግን ክፍት ነው። ውኃ ውስጥ መጣሉ በጽሑፍ ዘግይቶ በተግባር ጥንታዊ የሆነ ብቸኛው ክፍል ነውና፣ ኬልታዊ ነው የሚሉም ፈጠራ ነው የሚሉም ግማሽ ማስረጃ ይዘው ቀርተዋል።

ይህን ክርክር የሚያንቀሳቅሰው አዲስ የተረክ ንጽጽር አይመስልም፤ ተመሳሳይነትማ በዝቷል። የሚያንቀሳቅሰው ከ6ኛው እስከ 12ኛው ክፍለ ዘመን በወንዝና በሐይቅ የተገኙ ሰይፎች የት፣ በምን ሁኔታ፣ ከምን ጋር እንደተገኙ በጥንቃቄ መመዝገቡ ነው። የመስጠት ልማድ በእነዚያ መቶ ዓመታት እንደቀጠለ ከታወቀ የ«አርተር ሞት» ደራሲ ከአፈ ታሪክ ሳይሆን ከጎረቤቱ ወሰደ ማለት ይቻላል። ከተቋረጠ ደግሞ ሙሉው ሸክም በፈጠራ ላይ ይወድቃል። እስከዚያው ድረስ ኤክስካሊበር ኬልታዊ ነው የሚል ሰው ከአራቱ ስለ የትኛው እየተናገረ እንደሆነ መጠየቅ አለበት።